እሺ ያስተማርኳት ልጅ

ማክሰኞ 4

ዛሬ ለአዲሶቹ ሰልጣኞች ፊልሙን አሳየሁ። በየዓመቱ አሳየዋለሁ፤ በየዓመቱም ሲያልቅ ይጨበጨባል። ፊልሙ ላይ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሸጋ ነኝ። ሚጣ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት አይደርስም። ኦቲዝም አለባት ተብሎ ወደ እኔ የመጣች፣ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቅ ልጅ ነበረች። የዘቢቡን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «እንሥራ? እሺ በይ» እላታለሁ። ዝም። «እሺ በይ።» ዝም። በስምንተኛው ደቂቃ «እሺ» ትላለች፤ ዘቢብ አጎርሳታለሁ፤ ከካሜራው ጀርባ እናቷ ስታለቅስ ይሰማል። ክሊኒካችን ስሙን ያገኘው፣ እኔም «እሷ እኮ ድንጋይ ታናግራለች» የተባልኩት በዚያች እሺ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከኋላ የተቀመጠች ሰልጣኝ እጇን አወጣች። «እሺ ማለትን እንዲህ ተማረች። እምቢ ማለትንስ መቼ ተማረች?»

ፈገግ ብዬ ጊዜ ስለሌለን እንለፈው አልኩ። ጊዜ ነበረን። ሃያ ደቂቃ ይቀረን ነበር።

ረቡዕ 5

ጥያቄዋ ጥርስ መሃል እንደቀረ ነገር ሆነብኝ፤ ምላሴ እየሄደ ይነካዋል። የሚጣን ፋይል አወጣሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ነው፤ ሦስት ወፍራም ክላሰር፣ አብዛኛው በእኔ እጅ ጽሑፍ። «የተማረቻቸው ቃላት» የሚለውን ገጽ በጣቴ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። እሺ። አመሰግናለሁ። ስጡኝ። ጨምሩልኝ። ደህና ነኝ። ይቅርታ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ቃል። እምቢ የለም። አልፈልግም የለም። በቃኝ የለም። «ይቅርታ» ግን ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ያኔ ዘዴው እንደዚያ ነበር። ሁሉም ሰው የሚሠራው እንደዚያ ነበር።

ልጄን ለእረፍት ጊዜ የክሊኒካችን ስልጠና ላስመዘግባት ነው። አልፈልግም ትላለች። አሥራ ስድስት ዓመት እኮ ነው፤ ሲገባት ይገባታል።

ሰኞ 10

የሚጣ ወንድም መጣ። እናታቸው ከሞተች አራት ወሯ። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሚስትና መንታ ሕፃናት አሉት፣ የሚኖረው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሚጣ በእናታቸው ሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ቀርታለች። በየማታው ከሥራ በኋላ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ያያታል፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። አሁን ራሳቸውን ችለው መኖር ለማይችሉ ሰዎች የተሠራ አንድ ማደሪያ አግኝቷል። ከከተማው ውጪ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለው። ችግሩ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤቱ፣ ሚጣ ዘጠኝ ዓመት ወደሠራችበት፣ መመላለስ አይቻልም። ከገባች ሥራዋም ቤቷም አበቃ።

የሚወስነው ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው፤ የሚቀመጠው በሚመጣው ወር ዓርብ 19። ከእኔ የሚፈልጉት ገብቷትና ወዳ መስማማቷን የሚመሰክር ደብዳቤ ነው።

«ጠይቄያታለሁ እኮ እትዬ» አለኝ። «ካላመኑኝ እርስዎ ፊት ልጠይቃት።» ወደ እሷ ዞረ። «ሚጣዬ፣ ማደሪያው ትገቢያለሽ አይደል?»

«እሺ» አለች።

ድምፁን አወቅሁት። ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት ሴት ናት፤ ድምፁ ግን ያው የፊልሙ ነው፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ከፍ የሚለው። እንዲያ ከፍ ስታደርገው ነበር ዘቢብ የምሰጣት። ደብዳቤውን እጽፋለሁ አልኩት። ምን ብዬ እንደምጽፍ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ 11

የእኔና የሚጣ ሰዓት ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ትመጣለች። ዛሬ ፈተንኳት። ዝናብ ላይ ወጥተን እንቀመጥ? እሺ። ሁለተኛ ማተሚያ ቤት አትሂጂ? እሺ። ጫማሽን በመስኮት እንወርውረው? እሺ አለችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። ከእጇ ቀምቼ መልሼ እስካስርላት ድረስ መስኮቱን ስታይ ነበር። ለራሴ ስድብ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የአውቶቡሱን ነገር ጀመረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የአውቶቡሱን ማስታወቂያ ቃል በቃል ትለዋለች፦ «በሩ ይዘጋል፤ እባክዎ ከበሩ ራቅ ይበሉ።» ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ። እንደ ሁልጊዜው «ትርጉም የለሽ ድግግሞሽ» በሚለው ሣጥን ውስጥ መዘገብኩት።

ረቡዕ 12

ለወንድሟ ደወልኩ። እሺዋ ባዶ እንደሆነ፣ ለሁሉም እሺ እንደምትል ነገርኩት። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኩት፣ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «እንግዲያው የራሷ ሐሳብ የላትም ማለት ነው። የሚወስንላት ሰው ያስፈልጋታል። እሱም እኔ ነኝ» አለ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ።

ቅዳሜ 15

አምስት ሳምንት አለኝ። እሺን በስድስት ሳምንት አስተምሬያለሁ። እምቢን በአምስት አስተምራለሁ። ቀይ ካርድ፣ ሎሚ፣ የምትጠላቸው ነገሮች ዝርዝር። የምትጠላቸውን ስጽፍ ሁለት ላይ ቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትወደውን ስጠይቅ ነበር።

ማክሰኞ 18

አልሆነም።

«እምቢ በይ» አልኳት። «እሺ» አለች። ሳቄ መጣ፤ እሷም ስስቅ አይታ ሳቀች። ደግሜ ቀይ ካርዱን አስያዝኳት፣ ሎሚ ወደ አፏ አስጠጋሁ፣ ካርዱን እንድታነሳ ጠበቅሁ። ሎሚውን ዋጠችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አመሰግናለሁ» አለች።

በሦስተኛው እጇን ይዤ ካርዱን አብሬያት አነሳሁት። አነሳችው። ጥሩ ነው ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ ገባኝ፤ እኔ ባዘዝኳት ጊዜ እምቢ የምትል ከሆነ፣ ያው እሺ ማለቷ ነው።

ሐሙስ 20

ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስትመጣልኝ፣ እኔ ወደ እሷ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍሉ አለቃ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሻጠች፣ ድምጿ የጎላ መበለት ናት። ሚጣ የምትኖርበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሚጣን ከሩቅ አሳየችኝ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ እየዞረች የታጠፉትን ወረቀቶች ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሳች፣ እያገላበጠች፣ በቅደም ተከተላቸው ትደርባለች። ክሊኒክ ስትመጣ እንዲህ ቀና ብላ አትራመድም። የመጽሐፉ ያልሆነ ወረቀት ሲገጥማት ወደ ውድቅ ሣጥን ትወረውረዋለች።

ድንገት አንድ ክምር ላይ መዳፏን ዘርግታ አሳረፈች። አልተናገረችም። የማሽኑ ሠራተኛ ማሽኑን አጠፋ፤ ክፍሉ ሁሉ ቆመ። አለቃዋ ሄዳ ክምሩን ስታየው አንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ታትሟል።

«እጇ ካረፈ አለቀ» አለችኝ። «በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ አታነሳለትም።»

የአውቶቡሱን ነገርስ እዚህም ትለዋለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰው ሲበዛባት፣ ጫጫታው ሲያስመርራት ትለዋለች አለችኝ፤ በቃኝ፣ ሂዱልኝ ማለቷ ነው፣ እኛም ፈቀቅ እንላለን። ይህን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋት፤ እንዲህ ተጠይቆ እንደማያውቅ ሰው ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ማን ያስተምረናል እህቴ? አብረናት ዋልን እንጂ።»

ዓርብ 21

በሩን ዘግቼ ፊልሙን ለብቻዬ አየሁት። አፏን ሳይሆን እጇን።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መዳፏን ዘርግታ የዘቢቡ ሳጥን ላይ ታሳርፋለች። እኔ እጇን አንስቼ ጭኗ ላይ አስቀምጣለሁ፤ «በእጅ አይደለም፣ በአፍሽ» እላለሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንደገና። ቆጠርኩት፤ ሰባት ጊዜ። ሰባቱንም ጊዜ በቀስታ፣ በፈገግታ አነሳዋለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይኸን ነው። በስምንተኛው ደቂቃ እጇ አልተነሳም። «እሺ» ያለችው ያን ጊዜ ነው።

እምቢ ማለትን ማንም አላስተማራትም። ይዛው ነው የመጣችው። ያስጣልኳት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ 25

ለወንድሟ ደወልኩ። ማደሪያውን ልታይ ስትሄድ ምን አለች? ምንም አለ። አንድም ቃል? «ያንኑ የአውቶቡሱን ነገር ነዋ። አራት ጊዜ ያህል።» ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አራት ጊዜ! በቃኝ ብላለች ማለት ነው፤ የሰማት የለም እንጂ ተናግራለች።

ከሰዓት ከሚጣ ጋር ጥሩ ሰዓት ነበረን። የአውቶቡሱን ነገር ዘጠኝ ጊዜ አለችው፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ነበር፣ ኮሪደሩ ላይም ሕፃናት ይጮሁ ነበር።

ዓርብ 28

የኮሚቴውን ማኅበራዊ ሠራተኛ አገኘኋት። ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሴት። ስለ መዳፏም ስለ አውቶቡሱም ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን ከድና፣ የኮሚቴያችን ሐኪም ይህን ልማድ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እርስዎ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋት የኖሩ ስለሆኑ የፈለጉትን ያነቡባታል ይባላል አለችኝ። እኛ ራሳችን የምናየው፣ ደግመን የምንሞክረው፣ እርስዎ የማይነኩት ነገር ያስፈልጋል አለች። በሙሉ ልብ እንድትረዳኝ ጠብቄ ነበር፤ ግን ትክክል ናት።

ሰኞ 1

ለኮሚቴው የምጽፈውን ለክሊኒኩ አለቃችን አሳየሁት። ፊልሙ የተጠቀሰበት አንቀጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ልጅቷን ለመርዳት ክሊኒኩን ማዋረድ ምን አመጣው አለ። «ዝም አይነቅዝም።» አንቀጹን አላወጣሁትም።

ሐሙስ 4

መላ ያመጣችው የጥረዛ ክፍሉ አለቃ ናት። ለምን በአፏ ትጠይቋታላችሁ አለች። ሥራዋን ስጧት።

እንዲህ ነው። በሳምንቷ ውስጥ ያሉትን ቦታዎችና የታሰበላትን ቦታ ፎቶ እናነሳለን፤ እያንዳንዱን በአንድ ወረቀት ላይ እናትማለን። ወረቀቶቹንና የውድቅ ሣጥኑን እንሰጣታለን። የሚመጣው ዓመት ያንቺ መጽሐፍ ነው፣ ደርድሪው፣ የማይገባውን ጣይው እንላታለን። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ አንድም ቦታ እንዳይቀር፣ እኔ የመረጥኩት ብቻ እንዳይሆን። በትክክለኞቹ ወረቀቶች አስቀድሜ እንዳላለማምዳትም አስጠነቀቀችኝ። አልነካቸውም።

ማክሰኞ 9

ሩጫ። ፎቶ። ቤቷ፣ አልጋዋ፣ ደረጃው። ረጅሙ ጠረጴዛ። አውቶቡሱ። የወንድሟ ሳሎን። ማደሪያው፦ በሩ፣ ስምንት አልጋ ያለው ክፍል፣ መመገቢያው። የእኔ ክፍል። ከሁሉም አምሮ የወጣው የእኔ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች።

ለሙከራ ሌላ መጽሐፍ ሰጥተናት ነበር፦ ዳቦ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ መናፈሻ። ጥርስ ሐኪሙ ወደ ሣጥኑ በረረ። አለቃዋ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች።

እራት ላይ ስለ እምቢ ሳወራ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። «ለሚጣ እምቢ እንድትል ይኸን ሁሉ ትለፊያለሽ። እኔ ሦስት ጊዜ አልፈልግም ብያለሁ።» ወደ ክፍሏ ስትሄድ ደግሞ፣ ለአባቷ ይሁን ለግድግዳው እንጃ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። አፏ እንዴት እንደሚሰላ! የስልጠናውን ቅጽ ገና አልላክሁትም፤ ጊዜ ስላጣሁ ነው።

ሐሙስ 11

ወንድሟ ሳይቀጥር መጣ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ እሷን ነው አለ። ከሥራ መሃል ምድጃውን አጥፍታ ይሆን እያልኩ ልቤ ይቆማል። መንቶቹን አቅፌ ስለ እሷ አስባለሁ፤ እሷ ጋ ቁጭ ብዬ ስለ መንቶቹ አስባለሁ። እኔ ክፉ ሰው ነኝ ወይ?

አይደለህም አልኩት፤ ከልቤ ነው። የጥረዛ ክፍሉ አለቃ ጠዋት ማታ ቤቷን እንደምታይ፣ ምድጃውንም ራሱ የሚጠፋ እንደምናደርገው ነገርኩት።

«እምቢ ማለቷን በዓይኔ ካየሁ አልጎትታትም» አለ። «ግን እርስዎ የሚያዩትን አይደለም። እኔ የማየውን።»

ሐሙስ 18

ነገ ነው። ፊልሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሚጣ እሺ ብላ ወደዚያ ከገባች፣ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ሰባት ጊዜ እጇን አንስቼ።

ዓርብ 19

ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ሁሉንም ልጻፈው።

ጠባብ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ ሰው፣ ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ከዳር። መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። ፊልሙን አሳየሁ፤ አፏን ሳይሆን የእኔን እጅ እንዲያዩ ነገርኳቸው። ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሚጣን ራሳቸው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ማደሪያው ውስጥ መኖር ትፈልጊያለሽ?»

«እሺ።»

«ቤትሽ መቅረትስ?»

«እሺ።»

ሐኪሙ ብዕሩን ጣል አደረገ። እኔን ከኋላዋ፣ ማየት ከማትችልበት ጥግ አስቀመጠኝ። የጥረዛ ክፍሉ አለቃ ወረቀቶቹን ክምር አድርጋ አስቀመጠች፤ የውድቅ ሣጥኑን በስተግራ፣ እንደ ሁልጊዜው። «አዲስ መጽሐፍ ነው ሚጣዬ። የሚመጣው ዓመት፣ ያንቺ። የማይገባውን ጣይው» አለችና እሷም ወደ ኋላ ሄደች።

ሚጣ ተነሳች። እንድትነሳ ያላት የለም፤ ሥራ ቆማ ነው የምትሠራው። እያንዳንዱን ወረቀት አየች፣ ገለበጠች፣ ጀርባውን አየች። አልጋዋን ደረደረች። አውቶቡሱን ደረደረች። የወንድሟን ሳሎን ይዛ ቆየች፤ ወንድሟ አንገቱን አሰገገ። ደረደረችው። የማደሪያው በር፣ ሣጥን። ረጅሙን ጠረጴዛ ደረደረች። ስምንቱ አልጋ፣ ሣጥን። መመገቢያው፣ ሣጥን። ከዚያ አንድ ሌላም ጣለች፤ ጀርባዋ ከልሎኝ የትኛው እንደሆነ አላየሁም። የቀረውን አስተካክላ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች፤ ጨረስኩ ማለቷ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን በውዞ ደግማ እንድትሠራው አደረገ። ያው። በሦስተኛው ገልብጦ፣ ግማሹን ቁልቁል አድርጎ ሰጣት። መጀመሪያ ቀና ቀና አደረገቻቸው፤ ስንፍናው እንዳሳዘናት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ያው። ሦስቱንም ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ አራት ወረቀት።

ሰብሳቢው ሦስቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ማደሪያው። አራተኛውን አነሱት፣ ፀሐይ የገባበት መስኮት ያለውን።

«ይህ የማን ክፍል ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

በመጀመሪያው ጊዜ ሲወድቅ ባየው ኖሮ ከሌላ ወረቀት ጋር ተጣብቆ ነው እል ነበር። በሁለተኛው ብርሃኑ ነው እል ነበር። ሦስት ጊዜ ነው። ጆሮዬ ጋለ። እንደ ሕፃን ተናደድኩባት፤ ሃያ ሁለት ዓመት! የሠርጌን ሳምንት ለእሷ ብዬ አሳጥሬያለሁ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። በቅንነት ነው የጠየቀኝ፣ ሊያዝንልኝም የፈለገ ይመስለኛል። «ይቺ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ እርስዎ ስትመላለስ ኖራለች። እምቢ ብላ አታውቅም። ይህኛው ስህተት ሊሆን ይችላል ብለው ያምናሉ?»

አዎ ለማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ቀላልም ነበር፤ ወረቀቱ አዲስ ነው፣ ክፍሉን ከዚያ አቅጣጫ አይታው አታውቅም፣ ባለሙያ ነኝ፣ ያምኑኛል። ግን ይህኛው ስህተት ከሆነ ሦስቱም ስህተት ናቸው። ወንድሟን አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነበር። ሚጣ አላየችኝም፤ የደረደረችውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ስህተት አይደለም» አልኩ። «እኔ ጋ መምጣት አትፈልግም። ስትነግረኝ ኖራለች፤ መዝግቤዋለሁም። ምን ማለት እንደሆነ ከተነገረኝም በኋላ ለሌላው ቦታ ሰማሁላት፣ ለራሴ አልሰማሁም። አራቱንም እንደ አንድ ያንብቧቸው።»

ሐኪሙ ጻፈ። ሰብሳቢው ሁለቱን አማከሩ። ቤቷ ትቀራለች፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ከመጽሐፏ ውስጥ የራሱን ሳሎን አውጥቶ አየውና መልሶ በቦታው ከተተው፤ እሷ ደግሞ ትክክል አለመግባቱን አይታ አስተካከለችው።

ኮሪደሩ ላይ ደህና ሁኚ አልኳት። ላቅፋት ነበር። እጄን መለስኩት።

ቅዳሜ 20

ረጅም እንቅልፍ። ስነሳ ልጄ ወጥ ቤት ነበረች። ስለ ስልጠናው ጠየቅኋት። አልፈልግም አለች፣ ቀና ሳትል። ለምን ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሺ አልኳት። የሆነ ነገር አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ 23

ከሰዓት ክፍሌ ባዶ ነበር። ይከፋኛል ብዬ ነበር፤ ከፋኝም። ከሃያ ሁለት ዓመቱ የቱ የእሷ፣ የቱ የእኔ እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩና ሳልጨርሰው ተውኩት።

ያቺን የጠየቀችኝን ሰልጣኝ አስጠርቼ ፊልሙን ሰጠኋት፤ ከእንግዲህ አንቺ ታሳያለሽ፣ ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምረሽ እጄን እያስቆጠርሽ አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

ከዚያ የሚጣን ፋይል ለመዝጋት ቁጭ አልኩ። የመዝጊያው ቅጽ «ምክንያት» ከሚለው ሥር ሦስት ምርጫ አለው፦ ግቡን መታ፤ ወደ ሌላ ባለሙያ ተዛወረ፤ ያለ ምክንያት ቀረ። ሦስቱንም ሰርዤ ከሥር በእጄ ጻፍኩና ለአለቃችን አስገባሁት። እንዲህ የሚባል ምክንያት ቅጹ ላይ የለም ብሎ መለሰልኝ። መልሼ አስገባሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመልሰው ራሴ ይዤው ወደ ቢሮው ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ እስኪፈርም ቆሜ ጠበቅሁ። ፈረመ። አሁን ፋይሏ ላይ፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ ስድስቱ ቃል በኋላ፣ «ምክንያት፦ አልፈልግም ብላለች» ይላል።